የካምፓስ ተማሪ እና የኪስ ገንዘብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ፣ ገብተው በሁለተኛው ሳምንት «ጨርሻለሁ» ለሚሉ እና ምርቃት ሲደርስ በመዋጮ ብዛት ለሚጨነቁ ተማሪዎች ነው። በዋናነት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ የሚኖረውን ተማሪ አስቤ ነው የጻፍኩት። የግል ኮሌጅ ተማሪዎችም ወደ ታች ስትወርዱ ድርሻችሁን ታገኛላችሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ደመወዝተኛ የሚጠብቀው ቀን አለው። ለተማሪ ግን ብር የሚላከው አባት እህል ሲሸጥ፣ እናት ዕቁብ ሲደርሳት ወይም አጎት ትዝ ሲለው ነው። በአንድ ቀን ይገባል፣ በአንድ ሳምንት ይወጣል። ስለዚህ ከታች ያለው ምክር አብዛኛው የገባውን ብር ስለ ማቆየት ነው።

ፍሬሽ (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ነኝ። ምን ይዤ ልሂድ? ምኑን እዚያ ልግዛ?

የዩኒቨርሲቲውን የጥሪ ማስታወቂያ አንብቡ። በየዓመቱ ያው ነው፦ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ ኦርጅናልና ኮፒ። ይህን ሁሉ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ኮፒውንም ቤት ሳላችሁ አስነሱ፣ በዛ አድርጋችሁ። በምዝገባ ሳምንት ግቢ በር ላይ ያለ ነጋዴ ብርድ ልብስ የረሳ ፍሬሽ ከሩቅ ነው የሚለየው፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ለሎከር ጥሩ ጓጉንቸር አትርሱ።

ባልዲ፣ ማንጠልጠያ፣ የጠረጴዛ መብራት የመሳሰሉትን ቶሎ አትግዙ። ሲኒየሮች የማይጠቀሙበት ይኖራቸዋል። ጠይቁ።

ላፕቶፕ? በመጀመሪያው ዓመት ብዙም አያስፈልግም። የፍሬሽማን ኮርሶች ዲፓርትመንት ከመመደባችሁ በፊት የሚሰጡ የጋራ ኮርሶች ናቸው። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ወይም አርክቴክቸር ከደረሳችሁ ጠንከር ያለ ማሽን ትፈልጋላችሁ። ታሪክ ወይም ሕግ ከደረሳችሁ ደግሞ ያገለገለ ርካሽ ላፕቶፕ በቂ ነው። ሳታውቁት የቤተሰብን ጥሪት ለምን ታወጣላችሁ?

ስንቁን በተመለከተ ከእናታችሁ ጋር አትከራከሩ። «ግቢ ምግብ አለ፣ ሸክም አታብዢብኝ» ያለ ፍሬሽ ሁሉ ከወር በኋላ የጓደኛውን በሶ ሲለማመጥ ታገኙታላችሁ። በሶ በስኳርና በውሃ በጥብጣችሁ ከጠጣችሁ የጠዋቱ ክላስ ያለ ቁርስም ያልፋል። ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ቋንጣ ካለ ቋንጣ ያዙ። በተለይ ደግሞ ሚጥሚጣና ዳጣ። የካፌን ወጥ የሚያስበላው እሱ ነው።

ካፌ ልሁን ወይስ ነን ካፌ?

ካምፓስ ውስጥ የምትወስኑት ትልቁ የገንዘብ ውሳኔ ይሄ ነው። የሻይ ወጪ መቆጠብ ምናምን ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ካፌ ከሆናችሁ ዩኒቨርሲቲው በቀን ሦስቴ ያበላችኋል። ነን ካፌ ከሆናችሁ ደግሞ ለምግባችሁ የተመደበው በጀት በየወሩ በብር ይሰጣችኋል፣ የምትበሉትን ራሳችሁ ታውቃላችሁ። በጀቱ በ2017 ዓ.ም. እስኪሻሻል ድረስ በቀን 22 ብር ነበር። በዚያን ጊዜ ነን ካፌ የሚሆነው ከቤቱ ደህና ብር የሚላክለት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። በቀን 100 ብር ሲሆን ግን ነገሩ ተለወጠ። «በወር 3,000 ብር!» ሲባል ጆሮ ይቆማል። ብዙ ቤት ልጁን ካምፓስ ሲልክ በወር ይህን ያህል መላክ አይችልማ።

እስቲ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። 100 ብር ለሦስት ሲካፈል ለአንድ ጊዜ ምግብ 33 ብር ነው። አሁን ከግቢ ውጡና በ33 ብር ምን እንደሚበላ እዩ። ብዙ ከተማ ውስጥ አንድ ሽሮ እንኳን አይገዛም። ካፌው በዚያው በጀት ሦስቴ የሚያበላው ለብዙ ሺህ ሰው በጅምላ ስለሚገዛ፣ ለወጥ ቤቱ ኪራይ ስለማይከፍል እና ትርፍ ስለማይፈልግ ነው። እናንተ ብቻችሁን ይህን ማድረግ አትችሉም። ነን ካፌ የሆነ ተማሪ አንዱን ምግብ ይዘላል፣ ወይ ከቤት ይጨምራል። ሌላ መንገድ የለውም።

ሁለተኛው ነገር ብሩ ሁልጊዜ በቀኑ አለመግባቱ ነው። ዘግይቶ የሁለት ወር በአንዴ ሲገባ ደግሞ የዱቤ ዕዳ ይጠብቀዋል። ግቢ በር ላይ ያሉ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ጋ የሚቀመጠውን ደብተር አይታችሁት ታውቃላችሁ? ስም፣ ዶርም ቁጥር፣ ቀን፣ ከዚያ «ፍርፍር 1፣ ሻይ 2፣ እርጥብ 1» እያለ ይወርዳል። ባለሱቋ ቀና ሰው ናት፣ ክፋት የለባትም። ግን በወሩ መጨረሻ ደምራ ስትነግራችሁ ያንን ሁሉ እርጥብ መብላታችሁን አታስታውሱም።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ይህን ነው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ካፌ ሁኑ። ከተማውን፣ ዋጋውን፣ የራሳችሁን ሆድ እወቁ። ከዚያ ነን ካፌ ካማራችሁ አንድ ሳምንት ውጭ ብትበሉ የምታወጡትን ጻፉና በአራት አባዙት። ድምሩ ከሚሰጣችሁ በላይ ከሆነ ትርፉን ከየት እንደምታመጡ ሳታውቁ አትፈርሙ።

ጨጓራ ያለበት ወይም ሐኪም ምግብ የከለከለው ተማሪ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ጤና ይቀድማል። ነን ካፌ ከሆናችሁም በየቀኑ ከመግዛት ሦስት አራት ሆናችሁ ከአንድ ምግብ ቤት ጋር የወር ኮንትራት ተነጋገሩ። በኮንትራት ሲበላ ዋጋው ይቀንሳል። ታዲያ ያልበላችሁበት ቀን እንዴት እንደሚታሰብ አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ጠቡ ሁሉ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

መካከለኛ መንገድም አለ። ካፌ እየበሉ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እንቁላል ወይም አቮካዶ ከውጭ መጨመር። ከነን ካፌ በብዙ ይረክሳል። የምግብ ካርዳችሁን ግን እንዳትጥሉ፤ እስኪተካ ድረስ ከኪሳችሁ ነው የምትበሉት።

ዶርም ውስጥ ባበስልስ?

የተከለከለ ነው። ሂተርም ስቶቭም ከተገኘ ይወሰዳል። ገመዱ ደግሞ አሮጌ ነው፣ ቃጠሎ ያስነሳል። ለአንድ ፓስታ ብላችሁ ዶርም አታቃጥሉ።

መንግሥት ነው የሚያስተምረን አይደል? በየዓመቱ የምንፈርመው ቅጽ ታዲያ ምንድን ነው?

ወጪ መጋራት ይባላል። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 የመጣ ነው። የምግብና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተማሪው ይጋራል። አሁን የምትከፍሉት የለም። ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ ከደመወዛችሁ ቢያንስ 10 በመቶ በየወሩ እየተቆረጠ ይከፈላል። አንዳንዱ ደግሞ ኦርጅናል ዲግሪውን ሊያወጣ ሲሄድ ነው ዕዳ እንዳለበት ትዝ የሚለው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የነን ካፌ ብር ስጦታ አይደለም፤ እሱም ወጪ መጋራቱ ውስጥ ይቆጠራል። የምግብ በጀቱ ከ22 ወደ 100 ብር ሲያድግ ዕዳውም አብሮ ያድጋል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ወለድ የሌለበት፣ ሥራ ካልያዛችሁ ማንም መጥቶ የማያንኳኳባችሁ ዕዳ ነው። ብቻ በየዓመቱ የፈረማችሁትን ቅጽ ኮፒ አስቀምጡ። ከአራት ዓመት በኋላ ቁጥሩ ላይ ክርክር ቢነሳ በእጃችሁ ያለው ወረቀት እሱ ነው።

ብር በተላከልኝ በሳምንቱ ያልቃል። ምን ላድርግ?

ወሩን እርሱት። በሳምንት ኑሩ።

ለምሳሌ 2,400 ብር ተላከላችሁ እንበል። ከሁሉ በፊት ወደ ቤት የምትመለሱበትን ትራንስፖርት ቀንሱ፣ 400 ብር። ለሕመምና ለድንገተኛ ነገር ሌላ 400። የቀረው 1,600 ብር ለአራት ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 400 ብር ነው። የእናንተ ብር 400 ሳይሆን 100 ሊሆን ይችላል፣ ስሌቱ ግን ያው ነው።

ችግሩ ስሌቱ ላይ አይደለም። ብሩ ሁሉ አንድ ቦታ ከተቀመጠ፣ ያውም ስልክ ላይ፣ 2,400 ነው የሚታያችሁ። ስለዚህ ለያዩት። ቤተሰብ የሚልክበት የባንክ ሒሳብ ይኑር፣ ኤቲኤም ካርዱን ሎከር ውስጥ ቆልፉበት። ቴሌብርን ደግሞ እንደ ኪስ ቁጠሩት። እሁድ ማታ የሳምንቱን ብቻ ከባንክ ወደ ቴሌብር አሻግሩ። ሐሙስ ላይ ካለቀ አለቀ። ከሐሙስ እስከ እሁድ በካፌ ምግብና በቆሎ መኖር ይቻላል፣ ማንም አልሞተበትም። ሐሙስ ማታ «የሚቀጥለውን ሳምንት ትንሽ ልንካ» ካላችሁ ግን ሥርዓቱ በዚያች ሌሊት ፈረሰ።

አንድ ሕግ ልጨምር። ብር በገባ ቀን ምንም አትግዙ። የዚያን ቀን ሁሉም ነገር አስፈላጊ ይመስላል፣ ጫማው፣ ጃኬቱ፣ ዶርሙን ሁሉ ሰብስቦ መጋበዙ። ማግስቱን ግማሹ አያስፈልጋችሁም።

የመመለሻ ትራንስፖርቱ ለምን ቀድሞ ይቀነሳል? ገና ሦስት ወር አለ እኮ።

ምክንያቱም ሁላችሁም በአንድ ቀን ነው የምትወጡት። የመጨረሻው ፈተና ካለቀ በማግስቱ መናኸሪያው በሻንጣ ይሞላል፣ ደላላው ይነግሣል፣ ከታሪፍ በላይ ካልከፈላችሁ አትሳፈሩም። ከባሕር ዳር አርባ ምንጭ ወይም ከደሴ ጅማ የተመደበ ልጅ ሁለት ቀን መንገድ ነው፤ መሐል ላይ አልጋና ምግብ አለ። በዚያን ሰዓት ቤተሰብን «ብር ላኩልኝ» ማለት ለእነሱም ጭንቅ ነው። ከቻላችሁ ፈተናው ሳያልቅ ትኬት ቁረጡ፣ ወይም አንድ ሁለት ቀን ቆይታችሁ ውጡ። ግርግሩ ሲያልፍ ዋጋውም ይበርዳል።

ሻይ ቡና የምንለው ነገር ብር ይጨርሳል እንዴ?

ይጨርሳል። ማኪያቶ ብቻውን አይጎዳም፣ ላውንጅ (የግቢው ሻይ ቤት) የሚጎዳው ጋባዥና ተጋባዥ ስላለ ነው። ዛሬ የጋበዛችሁን ነገ መጋበዝ ግድ ነው፣ አብሮት የመጣ ሁለት ሰው ሲጨመር ለራሳችሁ ያላሰባችሁትን ለሦስት ትከፍላላችሁ። ለዚህ መድኃኒቱ ቡናን ዶርም ማስገባት ነው። ፔርሙዝ ያላት ልጅ ያለችበት ዶርም ሀብታም ዶርም ነው።

የስልክ ዳታ ኪሴን በላው።

በትንሽ በትንሽ የሚገዛ የቀን ጥቅል ተደምሮ ከወር ጥቅል ይበልጣል። የሳምንት ወይም የወር ግዙ፤ *999# ላይ ወይም ቴሌብር ውስጥ አወዳድሩ። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው፤ ትልልቅ ፋይልና የትምህርት ቪዲዮ በሱ አውርዱ። ነገር ግን ሌሊት ሙሉ ቲክ ቶክ አይታችሁ የጠዋቱ ክላስ ካመለጣችሁ እኔ የለሁበትም። ላይብረሪው ዋይፋይ ካለው ቴሌግራም ላይ የሚላኩትን ሃንድአውቶች እዚያ አውርዱ። በቴሌግራምና በዋትስአፕ ቪዲዮዎች ራሳቸውን እንዳያወርዱ መዝጋትም አትርሱ። ብዙ ዳታ የሚያልቀው ማንም ባልከፈተው የግሩፕ ቪዲዮ ነው።

ጓደኛዬ ብር አበድረኝ ይለኛል። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ዶርም ውስጥ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ከላይኛው አልጋ ነው የሚጠይቅህ፣ የት ትሸሻለህ? ስለዚህ ሙሉ እምቢታ አልመክርህም። ባይመለስ የማያጣላህን ያህል ብቻ ስጥ። 500 ሲጠይቅህ «500 የለኝም፣ 100 ግን ልስጥህ» በል። የምትሰጠው ከሳምንቱ ብር እንጂ ከባንኩ አይሁን። የመመለሻ ትራንስፖርትህን አበድረህ ለበዓል ግቢ ብትቀር ተበዳሪው ቤቱ ገብቶ ዶሮ እየበላ ነው።

አንተም ስትበደር ቀን ቁረጥና በቀኑ መልስ። ካልቻልክ ቀኑ ሳይደርስ ንገረው። ካምፓስ ውስጥ ብር ከማጣት ይልቅ ስም ማጣት ይከፋል፣ አራት ዓመት አብራችሁ ናችሁ።

ከቴሌብር መበደር ጥሩ ነው?

ለሕመም፣ ለመንገድ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር አዎ። ብሩ ወዲያው ይገባል፣ ሰው ፊት አያቆምም። ግን ክፍያ አለው። መቶኛዋ ትንሽ ትመስላለች፤ ለቀናት ብቻ ለሚቆይ ብድር መሆኗን ስታስቡ ትልቅ ናት፤ ስትዘገዩ ደግሞ ቅጣት አለ። መጥፎው ነገር ልማድ ሲሆን ነው። ብር ሲላክ ገና ከመግባቱ ለብድሩ ይሄዳል፣ በማግስቱ እንደገና ትበደራላችሁ። እዚህ ዙር ውስጥ ከገባችሁ አንድ ጊዜ ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ሳትበደሩ አንድ ሳምንት እለፉ። የስልክ ካርድ ብድርም እንዲሁ ነው፤ ከተበደራችሁት በላይ ነው የምትመልሱት።

የዶርም ዕቁብ ይጠቅማል?

በጣም። ስድስት ሆናችሁ በሳምንት 50 ብር ብትጥሉ ዕጣ ለደረሰው 300 ብር ነው። ጫማ ነው፣ ሃንድአውት ነው፣ ከሱቅ ዱቤ መውጫ ነው። ባንክ ላይ በጥቂት መቶ ብር የሚገኘው ወለድ ኑሮ ውድነቱን አይቀድምም፤ የዕቁብ ጥቅሙ ወለዱ ሳይሆን ግዴታው ነው። ራሳችሁን ታታልላላችሁ፣ አምስት የዶርም ልጅ ግን አታታልሉም። ሴሚስተሩ ሳያልቅ የሚያልቅ ዙር ይሁን። የሚያቋርጥ ወይም ወደ ሌላ ግቢ የሚዛወር ልጅ ካለ መጀመሪያ ላይ ዕጣ አይድረሰው።

ቤቲንግ (የስፖርት ውርርድ) ላይ አንዳንዴ ይሳካልኛል። ተጨማሪ ገቢ አይባልም?

አይባልም። ሒሳቡን ብቻ ልንገርህ። አሥር ጨዋታ ያለው ትኬት ቆረጥክ። እያንዳንዱን ጨዋታ በትክክል የመገመት ዕድልህ 60 በመቶ ነው እንበል፣ ጎበዝ ነህ ማለት ነው። አሥሩም የመሳካት ዕድላቸው አንድ በመቶ እንኳን አይሞላም። «በአንድ ጌም ተበላሁ» የሚለው የዶርም ልቅሶ ታዲያ መጥፎ ዕድል አይደለም፤ የሚጠበቀው እሱ ነው። አወራራጁ ደግሞ ዋጋ ሲያወጣ ትርፉን አስቀድሞ ቀንሶ ነው። ያገኘኸውን ለሁሉም አውርተሃል፣ የተበላኸውን ግን አልጻፍክም። አንድ ወር ሁለቱንም ጻፍ።

ቴሌግራም ላይ «1,000 ብር አስገባ፣ በቀን ይህን ያህል ታገኛለህ» የሚሉትስ?

ሌቦች ናቸው። ቪዲዮ ላይክ አስደርገው መጀመሪያ ትንሽ ብር በእውነት ይከፍሏችኋል። ማጥመጃው እሱ ነው። ከዚያ ሰው አምጡ ይላሉ፣ ከዚያ ብራችሁን ልታወጡ ስትሉ «መጀመሪያ ታክስ ክፈሉ» ይመጣል፣ ከዚያ ግሩፑ ይጠፋል። የሚከፋው የራሳችሁን ማጣት አይደለም። የዶርማችሁን ልጆች ያስገባችሁት እናንተ ናችሁ።

እየተማርኩ ምን ሠርቼ ብር ላግኝ?

የመጀመሪያው ማስጠናት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ቢሻሻልም አሁንም ዝቅተኛ ነው፤ ወላጅ ሁሉ አስጠኚ ፍለጋ ላይ ነው። እናንተ ያንን ፈተና ያለፋችሁ ናችሁ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ ወይም እንግሊዝኛ ላይ ጠንካራ ከሆናችሁ ከግቢ አጠገብ ባለ ሰፈር አንድ ቤት ጀምሩ። ጥሩ ካስጠናችሁ ጎረቤት ለጎረቤት ይናገራል። ክፍያውን በወር እንጂ በሰዓት አትነጋገሩ፣ ፈተና ሲደርስባችሁ ምን እንደሚሆን ግን ከመጀመሪያው ንገሯቸው።

ከዚያ የእጅ ሥራ። ሹሩባ የምትሠራ ልጅ በበዓል ሰሞን ጊዜ የላትም። ፀጉር ማስተካከያ ማሽን ያለው ልጅ ዶርሙ ወንበር ያጥረዋል። ላፕቶፕ ፎርማት ማድረግ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ጽሑፍ መተየብ፣ ሁሉም ፈላጊ አለው። በ5 ሚሊዮን ኮደርስ (በመንግሥት የኮዲንግ ሥልጠና) በነፃ የሚሰጡትን ኮርሶች መውሰድም ጥሩ ነው፤ ግን ሰርተፍኬቱ በማግስቱ ብር አያመጣም፣ እሱን እያወቃችሁ ጀምሩ።

የሰው አሳይመንትና ሪሰርች ሠርቶ መሸጥ ገበያው ደርቷል። እኔ አልመክርም። ከተያዛችሁ የምታጡት የአራት ዓመት ልፋት ነው፣ የምታገኙት ደግሞ የሁለት ሳምንት ምሳ። ሥራው ማንኛውም ይሁን ውጤታችሁ መውረድ ከጀመረ ቀንሱት። ኮርስ መድገም፣ አንድ ዓመት መጨመር፣ ከሁሉ የሚወደው ወጪ እሱ ነው።

ቤተሰቤ ምንም መላክ አይችልም። ለማን ልንገር?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ የቁጠባ ምክር ስድብ ነው። የሌለ ብር አይቆጠብም። እንዲህ አድርጊ።

ካፌ ሁኚ፣ እሱ አያከራክርም። ከዚያ ወደ ተማሪዎች ዲን ቢሮ ሂጂ። ብዙ ግቢዎች ለችግረኛ ተማሪዎች የሚሰጡት ትንሽም ብትሆን ድጋፍ አለ። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቁሻል፣ ስለዚህ ከቤት ስትወጪ አጽፈሽ ያዢ። ለሴት ተማሪዎች የሥርዓተ ጾታ ቢሮው ሞዴስ፣ ሳሙና፣ አንዳንዴም የኪስ ገንዘብ ያመቻቻል። የበጎ አድራጎት ክበብም አለ። የሃይማኖት ማኅበራቱም፣ ግቢ ጉባኤው፣ ጀማዓው፣ ፌሎሺፑ፣ አባሎቻቸውን በዝምታ ይረዳሉ፤ ስምሽን ማንም አይጠራም።

ማፈርሽ ይገባኛል። ግን እነዚህ ቢሮዎች የሚሠሩት ለሚመጣ ሰው ነው። ድጋፉ ደግሞ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ነው የሚከፋፈለው፤ ታኅሣሥ ላይ ከሄድሽ ስም ዝርዝሩ ተዘግቷል ይሉሻል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሂጂ።

ዱባይ ያለች እህቴ ትልክልኛለች። እንዴት ላድርገው?

በየሦስት ወሩ በርከት አድርጋ ከምትልክ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንድትልክ ንገሯት። ለእሷም ይቀላታል፣ ለእናንተም ይቆያል። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ በባንክ መላክ እንደ ድሮው አያስቆጭም። በእጅ በሚመጣ ብር ሰው ሲካካድ ስንቴ ሰምተናል። ስትጠይቋት ደግሞ ምን ላይ እንደዋለ ንገሯት። ሰው ቤት ተቀጥራ ልጅ እያሳደገች የምትልከውን ብር ለምርቃት ሱፍ እንዳዋላችሁት ከፎቶ አይታ አትወቅ።

የግል ኮሌጅ ነው የምማረው፣ አዲስ አበባ። ለእኔስ?

የእናንተ የተለየ ነው፤ ክፍያው ቋሚ ነው፣ የሚቆጠበው ኪራይና ታክሲ ላይ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ኮሌጁ በምትማሩበት የትምህርት መስክና በዚያው ካምፓስ ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። ዕውቅና የሌለው ዲግሪ ላይ የወጣ ብር ምንም ዓይነት ቁጠባ አይመልሰውም። ስለ ምዝገባ፣ ስለ መታወቂያ፣ ስለ ዘግይቶ መክፈያ ቅጣት አንድ በአንድ ጠይቁ፤ በማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን አይደለም።

ቤት በደባል ያዙ። ሩቅ ሰፈር ኪራይ ይረክሳል፣ ግን ሁለት ታክሲ ካለው የቀነሰው በወሩ መጨረሻ ይመለሳል። ወደ ኮሌጁ አንድ አውቶቡስ ወይም ባቡር የሚያደርስ ሰፈር ፈልጉ። አንበሳና ሸገር ሰልፍ አላቸው፤ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መነሳት ከሚኒባስ ታክሲ የሚያድነው ብር ደህና ምሳ ነው።

ጂሲ (የዘንድሮ ተመራቂ) ነኝ። መዋጮው አላበቃም።

ቲሸርት፣ ከለር ዴይ፣ ክሬዚ ዴይ፣ መጽሔት፣ ጋዋን፣ ሱፍ፣ ፎቶ፣ ለአማካሪ ስጦታ፣ የዶርም እራት። ከላይ ያለውን የሳምንት ስሌት የሚያፈርሰው ዓመት ይሄ ነው። ሁሉንም አትከለከሉ፣ አንድ ጊዜ ነው የሚመረቀው። በመስከረም ቁጭ ብላችሁ ቢቀር የሚቻለውንና የማይቀረውን ለዩ። ለእኔ መጽሔቱና አንድ ጥሩ ፎቶ ይበቃሉ። ሱፍ በኪራይ ይገኛል፣ ከወንድምም ይዋሳል። ፎቶው ላይ ከጋዋኑ ሥር ምን እንደለበሳችሁ አይታይም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ሳያልፉ ዲግሪ የለም። ጋዋን ለብሶ፣ ቤተሰብ ከሩቅ አስመጥቶ፣ በግ አሳርዶ ፈተናውን የወደቀ ልጅ አለ። ለምርቃት ካሰባችሁት ብር ላይ ለፈተናው ዝግጅት፣ ለኮፒና ለዳታ የሚሆነውን መጀመሪያ አስቀምጡ። ቤተሰብም ከመምጣቱ በፊት ውጤቱን ይጠብቅ።

ወጪ ለመመዝገብ የትኛው አፕ ይሻላል?

አፕ አያስፈልግም። ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ መላክ የምትችሉበት «ሴቭድ ሜሴጅስ» አለ። ባወጣችሁ ቁጥር እዚያው «እርጥብ 60፣ ኮፒ 25» ብላችሁ ላኩ። ማታ አስታውሼ እጽፋለሁ ያለ ሰው ጽፎ አያውቅም። እሁድ ማታ የሳምንቱን ብር ከማሻገራችሁ በፊት ደምሩት።